የኮምቢያችን ጎማ ጉዳይ

በቤተሰብ መጽሔት ላይ ስለ መኪና ጎማ መጻፍ አንዳንዶቻችሁን ሳያስገርም አይቀርም። እኛ ቤት ግን ባለፈው ዓመት የጎማ ነገር አማቼን፣ ባለቤቴን፣ ልጆቼንና የባለቤቴን ወንድም ሁሉ ያነካካ፣ ለሁለት ሳምንት ያህልም ከዘመድ ጋር ስልክ እንዳንደዋወል ያደረገ ጉዳይ ሆኖ ነበር።

በመጀመሪያ ስለ መኪናዋ ላስረዳ። የምንኖረው በጀርመን አገር፣ በፍራንክፈርት ከተማ ነው። በአዘቦት ቀን ሂሳብ አስተምራለሁ፤ ቅዳሜ ደግሞ የአገራችንን ልጆች ቁርአን አስቀራለሁ። መኪናዋ እ.ኤ.አ. በ1988 የተሠራች ፎልስዋገን ናት፤ በአገራችን «ኮምቢ» እያልን የምንጠራት የዚያች ታናሽ እህት። ይህ ሦስተኛው ትውልድ ከ1979 ጀምሮ የተመረተ ሲሆን ሞተሩ ከኋላ ነው። የእኛዋ ካምፐር የሚሏት ዓይነት ናት፤ የሚዘረጋ አልጋ፣ ሁለት ምድጃ፣ ትንሽ የዕቃ ማጠቢያና ቁም ሣጥን አላት፤ ጣሪያዋም ወደ ላይ ይነሣና ለልጆች ሌላ መኝታ ይሆናል። ከባለቤቴ ወንድም ጋር እኩል በእኩል አዋጥተን ነው የገዛናት። ይህችን ነገር ልብ በሉልኝ። መኪናዋ የእኔ ብቻ ብትሆን ኖሮ «አይሆንም» ብዬ ነገሩን በአጭሩ መዝጋት በቻልኩ ነበር።

በሐምሌ ወር የትምህርት ዕረፍት ወደ አንዳሉስ ለመጓዝ አቅደን ነበር። የኮርዶባን መስጊድና የግራናዳን አልሐምራ ለማየት ማለት ነው፤ ከመድረሳ ዘመኔ ጀምሮ ስማቸውን ስሰማ ያደግሁ ቦታዎች ናቸው። ከፍራንክፈርት እስከ ግራናዳ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ደርሶ መልሱ ከ4,000 ያልፋል። የሚሳፈሩት እኔና ባለቤቴ፣ ሁለቱ ልጆቻችንና ስልሳዎቹን ያጋመሱት አማቼ ናቸው። የመኪናዋ ጎማዎች ጥርሳቸው ገና ያላለቀ ቢሆንም ዕድሜያቸው አልፏልና መቀየር ነበረባቸው።

አንድ ቅዳሜ ማታ የባለቤቴ ወንድም ደወለና «ኡስታዝ፣ የምሥራች! ጎማ ተገኘ» አለኝ። ባለ 16 ኢንች አራት ቸርኬ ከነጎማው በ340 ዩሮ ገዝቶ በመኪናው ጭኖ እየመጣ ነበር። የእኛ መኪና የፋብሪካ ቸርኬ 14 ኢንች ነው። ምክንያቱን አንድ በአንድ ቆጠረልኝ። አንደኛ መኪናዋ ከፍ ትላለች፤ ድንኳን በሚተከልበት ሜዳ፣ በድንጋያማ መንገድም ሆዷ አይነካም። ሁለተኛ በሰፊው መንገድ ላይ ሞተሩ በዝግታ ስለሚዞር ጩኸቱ ይቀንሳል። ሦስተኛውን ሳቅ ብሎ ነው የተናገረው፦ «ታምራለች!»

እውነቱን ለመናገር ሦስቱም ምክንያቶች መሠረት አላቸው። ታምራለች፤ አልክድም። እኔ ግን «ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ፤ ሳይለካ ግን አይገጠምም» አልኩት። «እኔ ለገዛ እናቴ አደጋ የምገዛ ይመስልሃል?» ብሎ ስልኩን ዘጋው። ሁለቱ ሳምንት የተቆጠረው ከዚህ ነው። ባለቤቴም አንድ ነገር ብቻ አደራ አለችኝ፦ «የምትለውን በለው፤ በእናታችን ፊት ግን አታሳፍረው»።

እንግዲህ ወደ ቁጥሩ እንግባ። በጎማ ጎን ላይ 215/65 R16 ተብሎ ከተጻፈ፣ 215 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 65 ደግሞ የጎኑ ቁመት ነው፤ ነገር ግን በሚሊ ሜትር ሳይሆን ከስፋቱ ከመቶ ስንት እጅ እንደሆነ የሚናገር ነው። 16 የቸርኬው ስፋት በኢንች ሲሆን አንድ ኢንች 25.4 ሚሊ ሜትር ነው። የ215 ከመቶ 65 ወደ 140 ይጠጋል፤ ጎማው ከላይም ከታችም ጎን ስላለው ሁለት ጊዜ ይደመራል፤ በዚያ ላይ የቸርኬው 406 ሲጨመር ከአናቱ እስከ መሬት 686 ሚሊ ሜትር ይመጣል። የእኛ መኪና ከፋብሪካ የወጣችበት 185 R14 C የተባለው ጎማ 650 ገደማ ነው። ልዩነቱ 36 ሚሊ ሜትር ነው።

ይህንን ለሰባተኛ ክፍል ተማሪዎቼ ጥያቄ አድርጌ አቅርቤው ነበር፦ «ጎማው በ36 ሚሊ ሜትር ከጨመረ መኪናዋ በስንት ከፍ ትላለች?» ሁሉም «በ36!» ብለው ጮኹ። አንዲት ዝምተኛ ልጅ ብቻ «በ18» አለች። ልክ ናት። መኪናዋ የተቀመጠችው በጎማው መሐል ላይ እንጂ በአናቱ ላይ አይደለምና የሚደርሳት ግማሹ ነው። ያ ሁሉ ወጪ የአንድ አውራ ጣት ውፍረት ያህል ከፍታ ይሰጣል ማለት ነው።

ዋጋው ግን በግማሽ አይከፈልም። ጎማው ከመቶ 5 ተኩል ያህል ስላደገ በእያንዳንዱ ዙር መኪናዋ ያንኑ ያህል ርቃ ትሄዳለች። በሜዳ ላይ ይህ ደስ ይላል፤ የባለቤቴ ወንድም እንዳለው ሞተሩ ይረጋጋል። ዳገት ላይ ግን በዚያው ማርሽ መሬት ላይ የሚደርሰው ጉልበት በዚያው መጠን ይቀንሳል። መኪናችን ሙሉ ጭነት ስትይዝ 2,390 ኪሎ ትመዝናለች፤ የዚህ ከመቶ 5 ተኩሉ 131 ኪሎ ነው። ሞተሯ 70 የፈረስ ጉልበት ያለው የናፍጣ ሞተር ነው። በፒሬኔ ተራሮች ዳገት ላይ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ጨምሮ እንደ መሳፈር ነው። ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ ነገሩ ከፍሬኑ ይመጣል፤ ጎማው በሰፋ ቁጥር ፍሬኑ መኪናዋን ለመያዝ በዚያው መጠን የበለጠ መጨበጥ አለበት። ፍሬኑ ግን ያው የ1988 ፍሬን ነው።

ከሁሉ የሚያስቸግረው የማይታየው ነው። የፍጥነት መለኪያው መንገዱን አያይም፤ የሚቆጥረው ጎማው ስንት ጊዜ እንደዞረ ብቻ ነው። ጎማው ሲያድግ መለኪያው ይህንን አያውቅም፤ በድሮው ሂሳቡ ይናገራል። ኪሎ ሜትር ቆጣሪውም እንዲሁ። (ልጄ «አባባ፣ ታዲያ ሶላት የምናሳጥርበት ርቀትስ?» አለኝ። ብዙ የዘመናችን ዑለማዎች 80 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሉት ነው። በዚያ ጎማ ቆጣሪው 80 ሲል በእርግጥ 84 ተጉዘናል። ሕጉን ለሸሆቹ ትቼ ልጁ ሂሳቡን ስለገባው ብቻ ደስ አለኝ።)

በአውሮፓ ደንብ የፍጥነት መለኪያ ከእውነተኛው ትንሽ አብልጦ ቢያሳይ ይፈቀድለታል፤ አሳንሶ ማሳየት ግን ፈጽሞ ክልክል ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት የእኛዋ መለኪያ አሁን ምን ያህል ያበልጣል የሚለው ነበር። በሁለተኛው ሳምንት እሁድ አማቼ ሁላችንንም ምሳ ጠሩን። ከምሳ በኋላ የባለቤቴን ወንድም ለብቻው ጠራሁትና «ና፣ አንተ ንዳ፤ እኔ ሰዓት እይዛለሁ» አልኩት። ስለ ጎማው አንድም ቃል አልተናገርኩም። በጀርመን ሰፋፊ መንገዶች ዳር የኪሎ ሜትር ምልክት በየ500 ሜትሩ ተተክሏል። መለኪያውን 90 ላይ አስረግጦ ያዘ። አንድ ሰው በትክክል በሰዓት 90 ከነዳ አንዱን ኪሎ ሜትር በ40 ሴኮንድ ይጨርሳል። እኛ 42 ሴኮንድ ፈጀብን። ደገምነው፤ 42። ሠለስነው፤ አሁንም 42። እውነተኛው ፍጥነታችን 86 ገደማ ነበር ማለት ነው።

«እንግዲህ አንተው አስላው» ብዬ ወረቀትና እርሳስ ሰጠሁት። 85.7ን በ686 አብዝቶ ለ650 አካፈለ። 90 ተኩል ገደማ መጣለት። አዲሱ ጎማ ቢገጠም መለኪያው 90 እያለ መኪናዋ ከ90 አልፋለች ማለት ነው፤ በጥቂት፣ ግን ከተከለከለው ወገን። ትንሽ ዝም አለና «ጥርሱ ሲያልቅ እኮ ይቀንሳል» አለ። ይህም እውነት ነው! ሳቅን። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ጓሮ ሄደን ጎማዎቹን ያገላበጥናቸው። በጎማ ጎን ላይ አራት አሃዝ ያለው የምርት ቁጥር አለ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ይናገራሉ። በእነዚያ ላይ የተጻፈው 1413 ነበር፤ የ2013 14ኛ ሳምንት። ከምንቀይራቸው ጎማዎች ብዙም አያንሱም። እሱ ራሱ ነው ያነበበው፤ እኔ አፌን አልከፈትኩም።

በዚህ ላይ የወረቀቱ ጉዳይ አለ። በጀርመን አገር በሊብሬው ያልተፈቀደ ቸርኬና ጎማ የገጠመ ሰው መኪናውን ቲዩቭን ወደመሳሰሉ የመኪና ምርመራ ድርጅቶች ወስዶ ማስመስከርና ለውጡን ማስመዝገብ አለበት። ያለዚያ የመኪናው የመንገድ ፈቃድ ሊሰረዝ ይችላል፤ አደጋ ቢደርስ ኢንሹራንሱም መከራከሪያ ያገኛል። የእኛ መኪና ደግሞ ሌላም የምታጣው ነገር አላት። 30 ዓመት የሞላው መኪና በቀድሞ ይዘቱ ተጠብቆ ከቆየ በሰሌዳው መጨረሻ ላይ «ሃ» የምትባል ፊደል ትሰጠዋለች። የዚህች ፊደል ባለቤት ዓመታዊ ግብሩ ቁርጥ ነው፤ አሮጌ ናፍጣ መኪና በማይገባባቸው የከተማ ቀጠናዎችም ይገባል። ፍራንክፈርት ከ2008 ጀምሮ እንዲህ ያለ ቀጠና አላት። ፊደሏን ለማቆየት በመኪናው ላይ የሚደረግ ለውጥ በዘመኑ የነበረ ወይም ሊኖር የሚችል ዓይነት መሆን አለበት። ፊደሏ ብትወሰድብን የሁለት ቤተሰብ ገንዘብ የፈሰሰባትን መኪና ከገዛ ደጃችን ማቆም አንችልም ነበር።

የባለቤቴ ወንድም ቸርኬዎቹን ብቻ ለይቶ ሸጣቸው። ያረጁትን ጎማዎች ለሌላ ሰው ማስተላለፍ አልወደደም፤ ወደ ቆሻሻ መቀበያው ወሰዳቸው። ከዋጋው የጎደለውን እኩል ተካፈልነው። መጀመሪያ እምቢ ብሎ ነበር፤ ባለቤቴ ግን «መኪናዋ የሁላችን፣ ኪሳራውም የሁላችን» አለችው።

ሁለተኛው ፈተና የመጣው በርካሽ በኩል ነው። አንድ ጎማ ሻጭ 195/65 R15 የሚል ባለ 15 ኢንች ጎማ አቀረበልን። ይህ በብዙ የቤት መኪናዎች ላይ የሚገኝ ጎማ ስለሆነ ዋጋው የሌላው ግማሽ ነበር። ከመጠኑ ቀጥሎ 91 ይላል። ይህ ኪሎ አይደለም፤ የሸክም መለያ ቁጥር ነው፤ ትርጉሙ ከሰንጠረዥ ይነበባል። 91 ማለት አንዱ ጎማ 615 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። 95 ሲሆን 690፣ 99 ሲሆን 775፣ 102 ሲሆን 850 ኪሎ ነው። በሊብሬያችን ላይ በኋላው አክስል የሚያርፈው ክብደት እስከ 1,300 ኪሎ ይደርሳል ተብሏል። ሞተሩ እዚያ ነው፤ አልጋው እዚያ ነው፤ ሣጥኑም፣ የአማቼ ሻንጣም። ለሁለት ጎማ ሲካፈል ለእያንዳንዱ 650 ይደርሰዋል። 615 በ35 ኪሎ ያንሳል።

ሻጩ «35 ኪሎ ምን አላት?» አለ። 35 ኪሎ ቆሞ ለሚውል መኪና ምንም አይደለችም። ጎማ ግን በተንከባለለ ቁጥር ጎኑ ይታጠፋል፤ ይዘረጋል፤ በዚህም ይሞቃል። ከአቅሙ በላይ ሲጫንበት ይበልጥ ይታጠፋል፣ ይበልጥ ይሞቃል። በሐምሌ ፀሐይ፣ በስፔን አስፋልት ላይ፣ ሰዓታት ሙሉ ሲነዳ የሚፈነዳው እንዲህ ነው። ነፋሱ ሲያንስ ደግሞ ይብሳል። ይህንን ቤት ገብቼ ስናገር አማቼ ከቡናቸው ቀና አሉና «በቅሎ ሲጫን ጀርባዋ ነው የሚታየው እንጂ ቁመቷ ምን ያደርጋል?» አሉ። እኔ በሰንጠረዥ የደከምኩበትን እሳቸው በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት።

በመጨረሻ የገዛነው 205/65 R15 C ሲሆን ከዚያ በኋላ 102/100 ይላል። «ሲ» የምትለዋ ፊደል ጎማው ለጭነት መኪና መሠራቱን ታመለክታለች። የመጀመሪያው ቁጥር ጎማው ለብቻው ሲገጠም፣ ሁለተኛው እንደ አንዳንድ አይሱዙዎች ጥንድ ሆኖ ሲገጠም ያለውን አቅም ይናገራል። አሁን ቁመቱን አስሉት፦ 647.5 ሚሊ ሜትር። ከድሮው በ2 ሚሊ ሜትር ተኩል ብቻ ያንሳል! ቸርኬው አደገ፤ የጎማው ጎን አጠረ፤ ድምሩ ባለበት ቆየ። የፍጥነት መለኪያው፣ ማርሹ፣ ፍሬኑ ሁሉ በሚያውቁት ሂሳብ ይሠራሉ። ብዙ ሰው ቸርኬ ማሳደግና ጎማ ማሳደግ አንድ ነገር ይመስለዋል። ሁለት ነገር ነው።

ቸርኬው በ1980ዎቹ መርሴዲሶች ላይ የነበረ ባለ 15 ቀዳዳ ነው፤ ጀርመኖች «የመንገድ ጉድጓድ ክዳን» እያሉ ይቀልዱበታል፤ ስታዩትም እውነታቸውን ነው። የኮምቢያችንና የዚያ ዘመን መርሴዲስ ማሰሪያ አምስቱ ቀዳዳዎች በ112 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ ስለሚደረደሩ ይገጣጠማሉ። ይሁንና ቀዳዳ ገጠመ ተብሎ አይታለፍም። ቸርኬም እንደ ጎማ የራሱ የሸክም ልክ አለው፤ ከ650 ኪሎ በላይ መሸከሙን የሚገልጽ ወረቀት እስክናገኝ ሦስት ሳምንት ጠበቅን። ማሰሪያው ቡሎን ይሁን ዳዶ፣ የሚያርፍበት ቦታ ሾጣጣ ነው ወይስ ክብ ተብሎ ይታያል፤ ካልተስማማ የጠበቀ መስሎ ይላላል። ቸርኬው ወደ ውጭ ከወጣ ኩሽኔታውን ያደክማል፣ ፓራፋንጎውን ይነካል። በእኛ መኪና ደግሞ ተንሸራታቹ በር በኋላ ጎማው በኩል አልፎ ነው የሚከፈተው። መርማሪው መሪውን እስከ ጥግ ወዲያና ወዲህ ካዞረ በኋላ በሩን ደጋግሞ ሲከፍትና ሲዘጋ ያየሁት ለዚህ ነበር። አልነካም። በወረቀቱ ላይ ማኅተሙን አሳረፈ፤ «ሃ»ም በቦታዋ ቀረች። አልሐምዱ ሊላህ።

ስኮርታው ከመኪናዋ አፍንጫ ሥር በተሠራ መያዣ ውስጥ ይቀመጣል። የባለቤቴ ወንድም ያመጣው ትልቁ ጎማ እዚያ አይገባም ነበር፤ በአልጋው ላይ ተጭኖ ሊጓዝ ነበር ማለት ነው። አሁን ግን አዲስ 185 R14 C በድሮው ቸርኬ አስገጥመን ለስኮርታነት አስቀመጥነው፤ ከነራሱ ማሰሪያ። ቁመቱ ከሌሎቹ ጋር እኩል ስለሆነ ቢቸግር ተገጥሞ እስከ ሚቀጥለው ከተማ ያደርሳል።

አገር ቤት ያላችሁ አንባቢያን ይህ ሁሉ የፈረንጅ አገር ወግ እንዳይመስላችሁ። ከአዲስ አበባ ደሴ በሚኒባስ የተመላለሰ ሰው የጣርማበርን ቁልቁለትና የጋለ ፍሬን ሽታ ያውቃል። እኔ በተማርኩበት መድረሳ አጠገብ አንድ ጎሚስታ ነበር፤ ሾፌሮች ሲመጡ የሚጠይቁት ዋጋውንና ጥርሱን ብቻ ነበር። እናንተ ሁለት ነገር ጨምራችሁ አንብቡ፦ ከመጠኑ ቀጥሎ ያለውን የሸክም ቁጥርና አራቱን የምርት አሃዞች። ሁለቱም በጎማው ጎን ላይ ተጽፈዋል፤ ለማንበብ ገንዘብ አይከፈልም። ሚኒባስ ላይ የቤት መኪና ጎማ ተገጥሞ ብታዩ ደግሞ ሾፌሩን በትሕትና ጠይቁት፤ ቢቆጣም ግድ የለም።

በሐምሌ ወጣን። ከቤት 50 ኪሎ ሜትር ያህል እንደራቅን ቆመን ሃያዎቹን ማሰሪያዎች እንደገና አጠበቅናቸው፤ አዲስ ከተገጠመ በኋላ ይህ የግድ ነው። ከሃያዎቹ ሁለቱ ጥቂት ዞሩ። ፒሬኔ ላይ በሦስተኛ ማርሽ ከከባድ መኪናዎች ኋላ እየተጎተትን ወጣን፤ ያም ከትልቁ ጎማ ሳይሆን ከሞተሩ ዕድሜ ነው። አማቼ ከኋላ ተቀምጠው የልጁን ሰዓት ተቀብለው የኪሎ ሜትሩን ምልክት ይጠብቁ ነበር። መለኪያው 90 ላይ ሲሆን «አርባ ሁለት!» ይላሉ። አንዴ አርባ ሲሉ ፍጥነቴን ቀነስኩ።